የአንበጣዋ መብራት

ሰኔ 4፣ ሰኞ

አንበጣዋ ከዓመታዊ የመኪና ምርመራ ወድቃ መጣች። ነድቶ ያመጣት ጋሼ ራሱ ነው። ወደ ጋራዤ ሲያስገባት የቀኝ መስታወቷ የበሩን ምሰሶ ታክኮ አለፈ። «በሩን አጥብበኸዋል» አለኝ ሲወርድ። በሩ እንደተሠራ ነው ያለው።

መርማሪዎቹ ያነሡት ሁለት ነገር ነው፤ የፊት መብራቷ ደካማ ነው፣ የፍጥነት መለኪያዋ አይታመንም። እስከ ሐምሌ መጨረሻ ካልተስተካከለች ሰሌዳዋን ይፈቱታል። ሰሌዳዋ ከተፈታ ጋሼ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ታላቅ ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ አንድ ግቢ ጥግ ላይ ዶሮ ታድርባት የነበረች ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ገዛ። አረንጓዴ ናት፣ ዝቅ ያለች፣ የፊት መብራቶቿ ያፈጠጡ። አንበጣ ያላት እሱ ነው። ሚስቱ እትዬ «ለአንድ ሰው ትበዛለች፣ ለሁለት ሰው ታንሳለች» እያለች ስታማት ኖራለች።

ቀላል ሥራ ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ስነካካ ጸጉሬ ሸብቷል። አሮጌ መኪና ላይ መብራት ሲደክም መጀመሪያ የሚታየው ማሳው ነው፤ ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መስመር። እዚያ ዝገት ካለ አምፖሉ በግማሽ ሆዱ ነው የሚሠራው።

ሰኔ 6፣ ረቡዕ

እንዳልኩት ሆነ። የሁለቱም መብራት ማሳ ዝጓል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ አዲስ ሽቦ አሰርኩ። የፍጥነት መለኪያው ገመድ ደርቋል፤ ከዳሽቦርዱ ኋላ አንድ ቦታ ላይ ከልክ በላይ ታጥፏል። ጠቋሚው የሚዘለው ለዚህ ነው። ነገ ቅባት።

ሰኔ 8፣ ዓርብ

ገመዱን አጥቤ፣ ቀብቼ፣ እጥፋቱን አቃንቼ መለስኩት። አንድ ደንበኛዬ በአዲሱ መኪናው ከፊት እንዲሄድልኝ ለምኜ ተከተልኩት። ስንቆም «በስንት ነበር የሄድከው?» ብለው «በሃምሳ» አለ። የአንበጣዋም ሃምሳ ነበር። አለቀ ብዬ ደወልኩ።

ሲመሽ ጋሼና እትዬ ሊሞክሯት መጡ። እትዬ ሻርፕ አስራ ከጎኑ ገባች። ድሮ በዚህች መኪና ከምትሄድ በእግሯ መሄድ ትመርጥ ነበር። ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ ድምጿን ሰማሁ። «ቀኝ ያዝ... ትንሽ... በቃ፣ በቃ፣ ቁም።» እርጅና ወሬኛ አደረጋት መሰለኝ።

«አልሠራኸውም» አለ ጋሼ።

«ምኑን?»

«ይሄ መብራት ነው? አንተ ክብሪት ይዘህ ከፊቴ ብትሮጥ ይሻለኛል። ሯጭ ደግሞ አይደለህም።»

ሳቅን።

«መለኪያውም ይዋሻል። ቀስ ብዬ እየሄድኩ ሰባ ይላል።»

«ዐርባ ነበር» አለች እትዬ።

«ሰባ ነው ያለው።»

«እሺ፣ ሰባ ነው» አለች።

ሲሄዱ ክንዴን ያዝ አድርጋ ለቀቀችኝ። 

ሰኔ 13፣ ረቡዕ

አምፖሎቹን በአዲስ ቀየርኩ። ከአምፖሉ ኋላ ያለውን መስታወት አሳደስኩ። ከባትሪው ቀጥታ ወፍራም ሽቦ ስቤ ኃይሉን ሳይቀንስ የሚያሳልፍ ሪሌ አስገባሁ። የዳሽቦርዱን ትንንሽ አምፖሎችም ቀየርኩ፤ አሁን ቁጥሮቹ ከበሩ ላይ ሆኖ ይነበባሉ። በቴስተር ለካሁ። ባትሪው ላይ ያለው ኃይል አምፖሉም ላይ አለ፤ የሚጎድል ነገር የለም።

ጋሼ መጥቶ አየ። «ትንሽ ተሻሽሏል» አለ፤ ልጅ ሆኜ የቤት ሥራዬን ሲያርም ይናገርበት በነበረው ድምፅ። «ግን ገና ነው። የሆነ ቦታ ላይ ኃይል እየተበላ ነው።»

ወይ ቴስተሩ ወይ ጋሼ፤ ከሁለት አንዱ ተሳስቷል። ቴስተሩን ቀየርኩ።

ሰኔ 16፣ ቅዳሜ

የጎረቤቴ ጋራዥ ባለቤት አኩርፎ መጣ። ሰውየውን ባትሪው ነው የምንለው፤ ጠዋት ጠዋት ካልተገፋ አይነሣም።

«ወንድምህን ምን በድዬው ነው?»

«ምነው?»

«ትናንት ወረፋ ላይ ጎኑ ቆሜ እጄን ዘረጋሁለት። እጄን አየር ላይ ትቶት ሄደ። ጡረተኛ እንዲህ ከኮራ ሚኒስትር ምን ሊሆን ነው?»

ጋሼ ድሮም ሐሳብ ሲይዘው ሰው አያይም አልኩት።

ሾፌሮቹ ጋሼን ጭልፊቱ ይሉት ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከኋላው ያለው ወንበር ላይ አስቀምጦ ይወስደኝ ነበር። ከተራራው ማዶ ጭላንጭል ሲታይ፣ እኔ መብራት መሆኑን እንኳ ሳልለይ፣ እሱ የየትኛው ሾፌር አውቶቡስ እንደሆነ ይነግረኛል። ሲሳሳት አላየሁም። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ የበላሁትም የለበስኩትም፣ የተማርኩትም በእነዚያ ዐይኖች ነው።

ለምን ይህን እንደጻፍኩ አላውቅም። ነገ ማብሪያ ማጥፊያውን ፈትቼ አያለሁ።

ሰኔ 24፣ እሑድ

የመብራቶቹን አቅጣጫ ለማስተካከል ጋሼን ጠራሁት። በሩን ዘግቼ ስንጥቁን በጆንያ ደፈንኩ፤ ጋራዡ ጨለመ። መኪናዋን ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጌ አበራሁ። ብርሃኑ ከጥግ እስከ ጥግ ወጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ቁልፎች አንድ በአንድ ይቆጠሩ ነበር። እውነት ለመናገር ሥራዬ አምሮኛል።

ጠመኔ ሰጠሁት። «ጋሼ፣ የብርሃኑን ጠርዝ አስምርልኝ።»

ሄደ። ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ። ብርሃኑ ዐይን የሚያጭበረብርበት መሀሉ ላይ ሳህን የምታክል ክብ አሰመረ።

«ይኸው» አለ። «ከዚህች ውጭ ጨለማ ነው። አየህ? ስንት ቀን ነገርኩህ!»

 ቁልፎቹ ከራስጌው ያበራሉ።

ሲመለስ ጎኑ የነበረውን በርጩማ መትቶ ሊወድቅ ሲል ያዝኩት። ክንዱ ቀሏል። «ጋራዥህን አጽዳ፣ ሰው ልትገድል ነው» አለኝ።

«እሺ ጋሼ። ማሳው ይሆናል። እንደገና አየዋለሁ።»

ከሄደ በኋላ ክቧን በጨርቅ ጠረግኋት። ጨርቁ ቅባት ነበረበት፤ ነጩ ሄዶ ጥቁር ቀረ።

ሰኔ 27፣ ረቡዕ

ሥራ በዛ። የጭነት መኪና ዲናሞ። የታክሲ ፍሬቻ። አንበጣዋን አልነካኋትም።

ከፀሐይ ወደ ጨለማ ሲገባ ማንም ሰው ለትንሽ ጊዜ አይታየውም። ጋሼ እሑድ የሆነው እሱ ነው።

ይህን ከጻፍኩ በኋላ ትዝ አለኝ። እሑድ ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ነበር።

ሐምሌ 1፣ እሑድ

የጋሼ ልጅ ደወለች። ባሏ ሥራ የሚሠራበት ከተማ ነው ያለችው፤ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ። በቅርቡ ወልዳለች። «አጎቴ፣ አባዬ ሕፃኑን ሊያይ በአንበጣዋ እመጣለሁ እያለ ነው። አንተ እየሠራህለት ነው አሉ። ቶሎ ጨርስለት በናትህ፣ ድምፁ ራሱ ተቀይሯል፣ እንደ ልጅ ሆኗል።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ሐምሌ 3፣ ማክሰኞ

እትዬ ብቻዋን መጣች። የተከመሩት ጎማዎች ላይ ቁጭ አለች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቅኋት።

«መቼ ትጨርሳታለህ?»

«ሊያልቅ ነው።»

«አትጨርሳት።»

የያዝኩትን ሽቦ አስቀመጥኩ። «ሰሌዳዋ ይፈታል እኮ፣ እትዬ።»

«ይፈታ።»

አንድ ደንበኛ ገብቶ ፊውዝ ጠየቀ፤ ሰጥቼው ሄደ። እስኪወጣ ጠብቃ ቀጠለች። «ሐኪም ዘንድ ወስጄው ነበር። እኔን ውጭ አስቀምጦ ብቻውን ገባ። ሲወጣ ‹ዕድሜ ነው አሉኝ› አለ። ሐኪሙ ግን በሩ ላይ ቆሞ ወደ እኔ...»

«ሻይ ላስመጣልሽ?» አልኳት።

አየችኝ። «አይ፣ አልጠጣም» አለች።

ስትነሣ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። «አንተ ልጅ፣ አንተን ይሰማሃል። እኔ ብነግረው ሚስቴ ናቀችኝ ነው የሚለው። አንተ ግን...» አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳትም።

ሐኪሙ በሩ ላይ ቆሞ ምን አላት? ጥያቄው እስካሁን አፌ ውስጥ ነው።

ሐምሌ 6፣ ዓርብ

ለጋሼ እንዲህ አልኩት፤ ካምቢዮው ውስጥ የመለኪያውን ገመድ የሚያዞረው ጥርስ ተበልቷል፣ እዚህ አይገኝም፣ ከውጭ ነው የሚመጣው። አመነኝ። «አላልኩህም? ውሸታም መለኪያ!» ብሎ ተደሰተ።

ዋሽቼ አላውቅም አልልም። በመኪና ግን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ሐምሌ 9፣ ሰኞ

የመብራቱን ፊውዝ ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት። አሁን በእውነትም አትበራም። ጋሼ በስልክ «እንዴት ናት?» ሲለኝ «ባሰባት» አልኩት። አልሸሹም ዞር አሉ።

ልነግረው የሚገባኝ አንድ ዐረፍተ ነገር ናት። ጠዋት ጠዋት አዘጋጃታለሁ። ጋሼ ይመጣል። «ጋሼ» እላለሁ። «ምነው?» ይላል። «ጥርሱ ገና አልመጣም» እላለሁ።

ሐምሌ 15፣ እሑድ

ቤታቸው ሄድኩ። ሳሎኑ እንደ ቀዶ ጥገና ክፍል ያበራል፤ አምፖሎቹን ሁሉ በትልልቅ አስቀይሯል። «የሰፈራችን መብራት ኃይሉ ወርዷል። አንተ ባለሙያው አላስተዋልክም?» አለኝ። እትዬ ብርጭቆውን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የምታስቀምጠው። የቤቱ ወንበሮች ሁሉ ግድግዳውን ተጠግተው መሀሉ ባዶ ሆኗል። እትዬን «ቤቱን አሰፋሽው» አልኳት። «አዎ፣ ለሕፃኑ» አለች። ሕፃኑ ያለው ሌላ ከተማ ነው።

ጋሼ ስለ መንገዱ አወራ። የቱ ጋ ድልድይ እንዳለ፣ የቱ ጋ እንደሚያንሸራትት። ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሚነግረኝ፤ አንድ ጉድጓድ አልረሳም።

ሐምሌ 18፣ ረቡዕ

ጋሼ ጎረቤቴን ባትሪውን ይዞ መጣ።

«ሥራህ ውስጥ ልገባ አይደለም» አለ ባትሪው፤ እጁ ቀድሞ ኮፈኑ ውስጥ ገብቷል። ወዲያው ቀና አለ። «ፊውዝ የላትም እኮ። አይጥ በላው?»

ከኪሱ አንድ አውጥቶ ሰካ። ግድግዳው በራ። የኋላ ጎማዎቿን በክሪክ አንሥቶ ሞተሯን አስነሣ፤ ጠቋሚው ሳይንቀጠቀጥ ወጣ፣ ሳይንቀጠቀጥ ወረደ። «ጋሼ፣ ይቺ መኪና ምንም የላትም። መብራቷ ከእኔ መኪና ይበልጣል።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን ሳይሆን ከጆሮዬ አጠገብ ያለውን አየር ነው የሚያየው።

«ፊውዙ የት ነው ያለው?»

ከኪሴ አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩት። በጣቶቹ አገላብጦ ለየው።

«ቀናህ» አለ። «ለራሴ አንድ ነገር ቢኖረኝ ቀናህብኝ። ያሳደግኩት ልጅ!»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ባትሪው ቆሞ ነበር፤ በሰው ፊት እንዴት ይነገራል? ባትሪው ባይኖርም አልናገርም ነበር።

ጋሼ በእግሩ ወጣ። ምሰሶውን በእጁ ነካ አድርጎ አለፈ።

ሐምሌ 19፣ ሐሙስ

እትዬ መጣች። አልተቀመጠችም።

«ቁልፉን ስጠው።»

«እትዬ፣ ራስሽ አይደለሽም እንዴ...»

«ምን እንዳልኩ አውቃለሁ። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም። ‹የእኔ ነገር አበቃ› ይላል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ ከሚያልቅብኝ ይንዳ። እኔ ከጎኑ አለሁ። እኔ ከጎኑ እስካለሁ ምንም አይሆንም።»

ሰጠኋት። ለእሷ ነው የሰጠሁት፤ ለእሱ አይደለም።

ሐምሌ 21፣ ቅዳሜ

አንበጣዋ ምርመራውን አለፈች። የሚመረምሩት መኪናዋን ነው።

ሐምሌ 28፣ ቅዳሜ

ትናንት በጠዋት ሄዱ፤ በሰላም ገቡ። እትዬ በስልክ ስትስቅ ነበር። «እሱን ነው የሚመስለው፣ አፍንጫው ሳይቀር። ነገ እንመለሳለን።» ከጀርባዋ ጋሼ «ስሚ፣ በስልሳ ነው የመጣነው በይው! መለኪያዋ ድናለች በይው!» ሲል ይሰማል። ታርቆኛል ማለት ነው።

ምናልባት እኔ ነኝ ያበዛሁት።

ሐምሌ 30፣ ሰኞ

እትዬ ሞተች።

ትናንት ሲመለሱ። ሲመሽ። ከተማው ሊደርሱ ሲሉ ያለው ኩርባ ላይ። መኪናዋ አልታጠፈችም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ ዛፍ መታች። በእትዬ በኩል። ጋሼ ግንባሩ ላይ ጭረት ብቻ።

መጻፍ አልቻልኩም።

ነሐሴ 3፣ ሐሙስ

ማክሰኞ ቀበርናት። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል፤ ያ ባዶ የነበረው መሀል ሁሉ ወንበር ሆኗል። ጋሼ ለሚመጣው ሁሉ ያንኑ ይናገራል። «መብራቱ ጠፋብኝ። ድንገት። ሁለቱም።» ሰው ይሰማውና ወደ እኔ ያያል። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ፦

«ማነው የሠራት?»

«ያ፣ እዚያ የተቀመጠው። ወንድሙ ነው አሉ።»

«ለገዛ ወንድሙ እንዲህ ከሠራ ለባዕድ ምን ሊሠራ ነው!»

የጋሼ ልጅ ሕፃኑን ታቅፋ የሁሉንም እጅ እየጨበጠች መጣች። እኔ ጋ ስትደርስ ሕፃኑን በሁለት እጇ አቀፈችና አለፈች።

ሰው ቀለል ሲል ጋሼ አጠገብ ተቀመጥኩ። እኔ መሆኔን በምን እንዳወቀ አላውቅም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእኔ ብቻ ተናገረ።

«ደክሟት ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሕፃኑን ስታባብል ነው ያደረችው። መንገድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ልቀሰቅሳት አልኩና አሳዘነችኝ። ትንሽ ትተኛ አልኩ።»

ጉልበቱን ያዝኩት።  ከዚያ በሩ ተከፍቶ ሰዎች ገቡ፤ ጋሼ ቀና ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። «መብራቱ ጠፋብኝ» አለ።

ነሐሴ 8፣ ማክሰኞ

የትራፊክ ፖሊሶቹ ወደ ግቢያቸው ጠሩኝ። አንበጣዋ ጥግ ላይ ናት፤ ግማሽ ፊቷ የለም። የነሱ ቴክኒሻን ወጣት ነው፣ ጨዋ። ባትሪ አምጥቶ አገናኘና ማብሪያውን ነካ። የተረፈው የግራው መብራት በራ። የቀኙን ሽቦ በቴስተር ነካው፤ ኃይል አለው። የተሰበረውን አምፖል አንሥቶ አሳየኝ፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ተጠማዟል። «እንዲህ የሚሆነው በርቶ ግሎ ሳለ ሲመታ ነው» አለኝ። እኔም አውቃለሁ።

«ማነው ይህን መስመር የዘረጋው?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅህ ይባረክ» አለ። ከልቡ ነው።

ነሐሴ 15፣ ማክሰኞ

ሦስት ደንበኞች መኪናቸውን መልሰው ወሰዱ። ባትሪው መጥቶ ጮኸብኝ። «በዐይኔ አይቻታለሁ! መብራቷ ደህና ነበር። አፍ የለህም? ሰው ስምህን እየበላ ነው እኮ!»

«ተወው።»

«ምኑን ነው የምተወው?»

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

«ያንተ አፍማ ጎጆ ተሠራበት» ብሎኝ ሄደ።

ይሁን። ጥፋቱ የመብራቱ ከሆነ ጋሼ ሚስቱን አልገደለም። ከዚህ በላይ ላደርግለት የምችለው የለኝም። ትከሻዬ ይችላል። ደግሞስ እኔ ንጹሕ ነኝ እንዴ?

ነሐሴ 19፣ ቅዳሜ

በዝርዝር ልጻፈው፤ ነገ ራሴን ሌላ ታሪክ እንዳልነግረው።

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ልጅቷ ሕፃኑን ይዛ እንደተቀመጠች ነው፤ ወደ ባሏ አልተመለሰችም። ገብቼ ሰላም ስል መልስ አልሰጠችኝም። ጋሼ መስኮቱ ሥር ነው፤ ጋዜጣ ጭኑ ላይ፣ የተዘቀዘቀ።

«ትንሽ መኪና አግኝቻለሁ» አለኝ። «ባለ አራት ወንበር። እናንተ ሁሉ ቤት ዘግታችሁብኝ መቀመጥ አልችልም። መቃብሯ ሩቅ ነው፤ በየሳምንቱ መሄድ አለብኝ።»

«ታክሲ እኮ...»

«ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ጭኜ ኖሬ አሁን ልጫን?»

ልጅቷ ሳታየኝ ተናገረች። «እኔ አብሬው እሄዳለሁ። እማዬ ትቀመጥበት በነበረው በኩል። ሕፃኑን ከኋላ አድርገን። አንድ ነገር ብቻ፤ መኪናውን የአንተ እጅ እንዳይነካው።»

ሕፃኑ በእንቅልፉ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። አፍንጫው በእርግጥ የጋሼ ነው።

«መብራቱ በርቶ ነበር» አልኩ።

«ምን አልክ?» አለች።

«ሁለቱም በርተው ነበር። ፖሊሶቹ ግቢ አይቻቸዋለሁ። ጋሼ፣ መኪናዋ ምንም አልነበራትም። ከሰኔ ጀምሮ ምንም አልነበራትም። አንተ ነህ የማታየው። እትዬ ታውቅ ነበር። መንገዱን የምታይልህ እሷ ነበረች።»

«አንተ ሰው፣ እናቴን ገድለህ ደግሞ አባቴን...» ብላ ተነሣች። ከዚያ ቆመች። ወደ ጋሼ ተጠግታ ነጻ እጇን ቀስ ብላ አነሣች፤ ከጉንጩ አጠገብ፣ በጎኑ በኩል፤ ጣቶቿን ዘረጋች። ጋሼ ፊቱን ወደ እኔ ድምፅ እንዳዞረ ነው። እጇን አላየም። ብዙ ቆየች። ከዚያ እጇን አወረደችና ሕፃኑ ላይ ጎንበስ ብላ አለቀሰች፤ ያለ ድምፅ።

ጋሼ ጋዜጣውን አጠፈ፤ በጥንቃቄ፣ ጠርዙን ከጠርዙ እየገጠመ።

«ሰኔ ላይ?» አለ።

«ሰኔ ላይ።»

«ሰኔ ላይ አውቀሃል።»

«አዎ ጋሼ።»

«እና ሐምሌ ላይ ቁልፉን ሰጠኸኝ።»

ለእትዬ ነው የሰጠሁት አላልኩም።

«ውጣ» አለኝ።

ነሐሴ 22፣ ማክሰኞ

ልጅቷ ደወለች። መኪናውን አልገዛም ብሏል። ከመስኮቱ ሥር አይነሣም። ስለ እናቷ ምንም አይናገርም፤ ማታ ማታ ግን ‹ልቀሰቅሳት ነበር› ሲል ይሰማታል። ይቅርታ አልጠየቀችኝም። እኔም ይቅርታ የሚገባኝ አይመስለኝም። «ባሌ ዘንድ ልመለስ ነው፣ እምቢ አለ አብሮኝ መሄድ» አለች። «ከእሱ ጋር ማን ይኖራል?» አልኳት። «አንተ ነህ ያለኸው» አለችና ዘጋችው።

ትናንት ሄጄ አንኳኳሁ። አልተከፈተም። ዛሬም አልተከፈተም።

ነሐሴ 26፣ ቅዳሜ

ልጅቷ ጠዋት ሄዳለች።

ከሥራ በኋላ ሄድኩ። ዝናቡ አባርቷል፤ ገና ቀን ነው። አንኳኳሁና ጠበቅኩ። ከውስጥ እጁ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲመጣ ሰማሁ። በሩ ማዶ ቆመ። ትንፋሹ ይሰማል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

 ይመለሳል ብዬ ነበር።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

መቀርቀሪያውን ሲፈልግ ሰማሁት። እጁ እንጨቱ ላይ ወጣ፣ ወረደ፣ እንደገና ወጣ። ወደ ግራ በል፣ ትንሽ ዝቅ በል ልለው አፌን ከፈትኩ። እኔ ግን ከውጭ ነኝ፤ እኔም አላየውም።